ብናኝ ሁሉ አንድ አይደለም፦ ስለ ደመናና ስለ አየር ንብረት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ደመናና ስለ አየር ብናኞች የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለእኔም ደረሰኝ። ጸሐፊው ቋንቋ አያንሳቸውም። አንባቢን ይዘው መጓዝም ያውቁበታል። እኔን ያላስማማኝ ሳይንሱ ነው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እሳቸው እንደሚሉት ደመና የእርጥበትና የቅዝቃዜ ሥራ ነው፤ ብናኝ አጃቢ ብቻ ነው። ደግሞም በአየር ላይ ያለው ብናኝ ሚዛን የማይደፋ ኢምንት ነው። ሚና አለው ከተባለም ወሳኙ የብናኙ ግዝፈት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ኬሚስትሪ አይደለም። የዚህ ኬሚስትሪ ወሬ ሁሉ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ አያውቅም። ብናኝ ምድርን ስለሚያቀዘቅዝ አየሩን ማጽዳታችን ስሕተት ነበር። በመጨረሻም፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ቁጥሩን በእርግጠኝነት ስለማያውቁት ነገሩን መተው ይሻላል።

አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው። እሱን አልክድም። አንዳንዱ ግን ጭራሽ ውሃ አያነሳም። በጽሑፉ ቅደም ተከተል ልሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ደመናና ብናኝ። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የያዘው የውሃ ተን ይበዛበትና ትርፉ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ግን ተኑ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? የውሃ ሞለኪውሎች ባዶ አየር ላይ ተገናኝተው ጠብታ መሥራት በጣም ይከብዳቸዋል። ገና የተሠራች ጠብታ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ገጿ በጣም የጎበጠ ነው። ዳር ላይ ያሉት ሞለኪውሎች ዙሪያቸውን የሚይዛቸው ጎረቤት ስለሚያንሳቸው ቶሎ ያመልጣሉ። ጠብታዋ ሳታድግ ተንና ትጠፋለች።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ መላምት አይደለም። ፈረንሳዊው ኩሊየ በ1875፣ ስኮትላንዳዊው ጆን ኤትከን ደግሞ በ1880 በዓይን የሚታይ ሙከራ አድርገውበታል። ኤትከን ሁለት ትልልቅ የመስታወት ዕቃዎች ወሰደ። አንዱ ውስጥ ተራ አየር አስገባ። ሌላው ውስጥ በጥጥ ተጣርቶ ብናኙ የወጣለት አየር አስገባ። ከዚያ ሁለቱም ውስጥ እንፋሎት ለቀቀ። የመጀመሪያው ወዲያው በወፍራም ጉም ተሞላ። ሁለተኛው ጥርት እንዳለ ቀረ። እንፋሎቱ ያው ነው። የጎደለው ብናኝ ብቻ ነበር። ኤትከን ከዚህ ተነስቶ ብናኝ ከሌለ ጉምም ደመናም እንደማይኖር ደመደመ።

ቆየት ብሎ የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ዊልሰን ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ብናኝ በሌለው አየር ውስጥ ጠብታ እንዲታይ እርጥበቱ ከሙሌት፣ ማለትም አየሩ ሊይዘው ከሚችለው 100 በመቶ፣ አራት እጥፍ ገደማ መድረስ አለበት። (ለዚህ የሠራው መሣሪያ በኋላ ለፊዚክስ ተመራማሪዎች ትልቅ ነገር ሆኖ በ1927 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።) በእውነተኛ ደመና ውስጥ ግን እርጥበቱ 100 በመቶን ቢያልፍ ብዙውን ጊዜ በአንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከ400 ወደ 101 ያወረደው ብናኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አጃቢ አይባልም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ብናኝ የሚለካው በማይክሮግራም ነው። የአየሩ ክብደት ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። ታዲያ ይህች ቅንጣት ምን ልታመጣ ትችላለች ይላሉ።

ቁጥሩ ልክ ነው። የተመዘነው ነገር ነው የተሳሳተው። ለደመና ዋናው የብናኙ ብዛትና የላይ ገጹ ስፋት ነው፤ ክብደቱን ጉዳዬ አይለውም። እስቲ እናስላው። እንዲቀለን የውሃን ያህል እፍጋት ያለው አንድ ግራም ቁስ እንውሰድ። ባለ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ብናደርገው የላይ ገጹ በድምሩ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። አሁን ያንኑ አንድ ግራም እያንዳንዳቸው 100 ናኖሜትር ወደሆኑ ድቡልቡል ብናኞች እንከፋፍለው (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። የላይ ገጻቸው ሲደመር 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቁጥራቸውስ? ሁለት ሚሊዮን ጊዜ አንድ ቢሊዮን ያህል። በየሴንቲሜትር ኩቡ 1,000 ብናኝ እንዲደርስ አድርገን ብንበትናቸው ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ አየር ያዳርሳሉ። ያውም በየብስ ላይ ይህ ያልተለመደ ቁጥር አይደለም። አንድ ግራም ናት እንግዲህ።

እያንዳንዷ ብናኝ ደግሞ የአንድ ጠብታ ዘር ልትሆን ትችላለች። በአንድ ደመና ውስጥ ያለው ውሃ ሳይጨምር ዘሩ ብቻ ቢበዛ፣ ውሃው ለብዙ ትንንሽ ጠብታዎች ይከፋፈላል። ብዙ ትንንሽ ጠብታ ከጥቂት ትልልቅ ጠብታ ይልቅ ብዙ ብርሃን ይመልሳል። ደመናው ይነጣል። የከባቢ አየር ተመራማሪው ሾን ቱሚ ይህን በ1970ዎቹ አስልቶ አሳይቷል። ምስክሩ ደግሞ በሳተላይት ፎቶ ይታያል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በውቅያኖስ ላይ በተነሱ ምስሎች፣ መርከብ ባለፈበት መንገድ ዝቅ ባለው ደመና ላይ ረጃጅም ነጫጭ መስመሮች ተሠርተው ታይተዋል። ከመርከቡ ጭስ ማውጫ የወጣው ነገር ከውቅያኖሱ አየር ጋር በክብደት ሲነጻጸር ምንም ነው። መስመሩ ግን ከጠፈር ይታያል።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልያዘው። ጸሐፊው በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣውን የኡልሪከ ዱሴክንና የባልደረቦቿን ጥናት ይጠቅሳሉ። ጥናቱ የተካሄደው ጀርመን ውስጥ፣ ታውኑስ በሚባል ተራራማ አካባቢ ነው። የደመና ዘር ሊሆኑ የሚችሉት ብናኞች ቁጥር ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከለውጡ ከ84 እስከ 96 በመቶ የሚሆነውን የግዝፈታቸው ስርጭት ብቻውን ያብራራዋል የሚል ውጤት ተገኝቷል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው የኬሚስትሪውን ነገር እርሱት ይሉናል።

ጥናቱ ጥሩ ጥናት ነው። ግዝፈት ቀዳሚ መሆኑን እኔም እቀበላለሁ። ከዚያ ተነስቶ ኬሚስትሪን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድን ለውጥ ማብራራትና ሚና መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከምንጫቸው ርቀው፣ በአየር ላይ ከርመው የሚመጡ ብናኞች ሰልፌትም፣ ናይትሬትም፣ ኦርጋኒክ ቁስም እየተደባለቀባቸው ይመሳሰላሉ። የማይለዋወጥ ነገር ደግሞ ለውጥን ሊያብራራ አይችልም። ኬሚስትሪው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ግን ሁሉም ብናኝ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠራ በስሌቱ ውስጥ አይታይም። ጥናቱ ኬሚስትሪው በሚለያይበት ቦታ ላይ ቢደረግ፣ ለምሳሌ ከምንጩ አጠገብ፣ ቁጥሩ ይህን ያህል ወደ አንድ ወገን ላያደላ ይችላል።

አሁን ግዝፈቱን እንያዝና ኬሚስትሪውን ብቻ እንለዋውጥ። ስዊድናዊው ሒልዲንግ ኬለር በ1936 ባቀረበው ቀመር ሁለት ነገሮች ይታገላሉ። የጠብታዋ ጎባጣነት ውሃውን እንዲተን ይገፋዋል። በውስጧ የሟሟው ቁስ ደግሞ ውሃውን ይይዘዋል። እርጥበቱ 100.2 በመቶ የሆነ ደመና እናስብ። ብናኟ አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው በውሃ የሚሟሟ ጨው ከሆነች፣ ጠብታ ለመሆን 80 ናኖሜትር ገደማ ይበቃታል። እምብዛም ውሃ የማይስብ ኦርጋኒክ ቁስ ከሆነች 150 ናኖሜትር ገደማ ያስፈልጋታል። ጨርሶ የማትሟሟ፣ ግን ውሃ ላይዋ ላይ የሚለጠፍባት ከሆነች ከ1,000 ናኖሜትር ማለፍ አለባት። ውሃ እንቢ የሚል ገጽ ካላት ከዚያም ይብሳል። 80 እና 150 የተቀራረቡ ይመስላሉ። በይዘት ሲሰላ ግን ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ስድስት እጥፍ ገደማ ትሆናለች። በአየር ላይ በቁጥር የሚበዙት ብናኞች ደግሞ 100 ናኖሜትር አካባቢና ከዚያ በታች ያሉት ናቸው። ስለዚህ ድንበሩ 80 ላይ ይሁን 150 ላይ ብዙ ብናኞችን የሚያስገባና የሚያስወጣ ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ። ግዝፈት ራሱ ከየት መጣ? አቧራና የባሕር ጨው ትልቅ ሆነው ይነሳሉ። ብዙዎቹ የደመና ዘሮች ግን አየር ላይ ነው የሚወለዱት፤ ሲወለዱም አንድ ወይም ሁለት ናኖሜትር ቢሆኑ ነው። 80 ለመድረስ ከአየሩ ጋዝ እየሰበሰቡ ማደግ አለባቸው። የትኛው ጋዝ ተለጥፎ ይቀራል፣ የትኛው ነክቶ ይመለሳል የሚለውን የሚወስነው ላይኛው ገጽ ነው። ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ክላውድ የሚባለው ሙከራ ከ2009 ጀምሮ ይህንኑ በትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ሲያጠና ቆይቷል። በ2016 ባወጡት ውጤት፣ ከዛፎች የሚወጣ ተን ሰልፈሪክ አሲድ ሳያስፈልገው ራሱን ችሎ አዳዲስ ብናኝ ሊሠራ እንደሚችል አሳይተዋል። ግዝፈት ነው ወሳኙ ማለት፣ ኬሚስትሪውን በሌላ በር ማስገባት ነው።

ጸሐፊው ሳይነኩት ያለፉት ነገር ደግሞ የጠብታዋ ቆዳ ነው። ብናኞች ላይ ያሉ አንዳንድ ኦርጋኒክ ቁሶች እንደ ሳሙና ያለ ባሕርይ አላቸው። ውሃው ውስጥ ገብተው ከመሟሟት ይልቅ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ያን ጊዜ የውሃው የገጽ ውጥረት ይቀንሳል፤ ጠብታዋም ሳትተን ለማደግ ይቀላታል። በአየርላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ሜስ ሔድ በሚባለው ጣቢያ የተሠራና በ2017 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን በእውነተኛ አየር ላይ አይቶታል። ከሟሟው ቁስ ብቻ ቢሰላ ጠብታ መሆን የማይገባቸው በጣም ትንንሽ ብናኞች ጠብታ ሲሆኑ ተገኝተዋል። ግዝፈትን ብቻ ይዞ የሚሄድን ስሌት እነዚህ ያመልጡታል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የበረዶው ነገር ነው። የተጠቀሰው ጥናት ስለ ፈሳሽ ጠብታ ነው። ደመና ግን ከፍ ሲል በረዶም ይሠራል። ንጹሕ የደመና ጠብታ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ በረዶ ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ አይሆንም። ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቀድሞ በረዶ እንዲሆን የሚያስጀምረው ነገር ይፈልጋል። ይህን የሚችሉት ደግሞ ከብናኞቹ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው።

የትኞቹ? እዚህ ላይ ላይኛው ገጽ ሁሉን ነገር ይወስናል። በ2013 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት የበረሃ አቧራን ማዕድን በማዕድን ለያይቶ ፈተነ። አቧራው ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሸክላ ነው። በረዶ በማስጀመር የበለጠው ግን ከአቧራው ጥቂቱን ብቻ የሚይዘው ፖታሲየም ያለበት ፌልድስፓር ነው። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የፌልድስፓርን ክሪስታል በማይክሮስኮፕ እያዩ በረዶ አበቀሉበት። በረዶው በየቦታው አልበቀለም። ስንጥቅና እርከን ባለባቸው ቦታዎች፣ አንድ የተወሰነ የክሪስታል ገጽ ብቅ ባለበት ላይ ነው የበቀለው፤ ያውም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፎ። ማዕድኑ ያው ነው፣ ግዝፈቱም ያው። ልዩነቱ የገጹ አደራደር ነው። ይኸው ፌልድስፓር አሲድ ሲነካው ደግሞ ችሎታው ይቀንሳል። ከውስጥ ያው ነው። ላዩ ብቻ ነው የተበላው።

ተመራማሪው በርናርድ ቮኔገት በ1946 ሲልቨር አዮዳይድ የሚባለውን ውህድ ለሰው ሠራሽ ዝናብ ያጨው ለምን ነበር? የክሪስታሉ አሠራር ከበረዶ ክሪስታል ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ነው። ፕሱዶሞናስ ሲሪንጌ የምትባለው ባክቴሪያ ደግሞ ላይዋ ላይ ባለ ፕሮቲን ምክንያት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ እንኳ ውሃን በረዶ ታደርጋለች። ግዝፈት ይህን ሊያብራራ ይችላል የሚል ካለ ልስማው።

አራተኛው ነጥብ፣ ነገሩ ሁሉ ከቤተ ሙከራ አልወጣም የሚለው፣ በእውነቱ አስገርሞኛል። ምክንያቱም በከባቢ አየር ሳይንስ ታሪክ ውስጥ በጣም ከታወቁት ክስተቶች አንዱ የዚህ ተቃራኒ ነው።

በ1985 የብሪታንያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን ሽፋን በየጸደዩ ክፉኛ እንደሚሳሳ አስታወቁ። የጥቅምት ወሩ መጠን ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ ያህል ወርዶ ነበር። የክሎሪን ጋዞች ኦዞንን እንደሚበሉ ቀድሞም ይታወቃል። በጊዜው የነበረው ስሌት ግን ጋዝ ከጋዝ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ብቻ ያሰላ ነበር። እንደዚያ ሲሰላ ጉዳቱ ትንሽና አዝጋሚ መሆን ነበረበት። ተመራማሪዎቹ የለኩት ቁጥር ከዚያ ጋር በጭራሽ አልገጠመም።

የጎደለው ላይኛው ገጽ ነበር። አሜሪካዊቷ የከባቢ አየር ተመራማሪ ሱዛን ሰለሞንና ባልደረቦቿ በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው። በአንታርክቲካ ክረምት፣ ስትራቶስፌር በሚባለው ላይኛው የአየር ንጣፍ ውስጥ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ስስ ደመናዎች ይሠራሉ። ክሎሪኑ በጋዝ መልክ ሲሆን ሁለት ጉዳት የማያደርሱ ውህዶች ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል፤ ሃይድሮጅን ክሎራይድና ክሎሪን ናይትሬት ውስጥ። ሁለቱ አየር ላይ ቢገናኙ ብዙም አይነካኩም። የደመናው ቅንጣት ላይ ሲያርፉ ግን ወዲያው ይዋሃዱና ክሎሪኑ ይፈታል። ጸሐይ በጸደይ ስትመለስ የተፈታው ክሎሪን ኦዞኑን መብላት ይጀምራል። ሰለሞን በዚያው ዓመት ወደ አንታርክቲካ የሄደውን ቡድን መርታ ልኬቱን ወሰደች። ማሪዮ ሞሊና ደግሞ በ1987 ውህደቱ በረዶ ላይ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በሙከራ አሳየ። ከክሩትዘንና ከሮውላንድ ጋር በ1995 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።

ይህ ስለ ኦዞን ነው እንጂ ዝናብ ስለሚያዘንበው ደመና አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እኔ ያመጣሁት የብናኝ ገጽ በሰማይ ላይ ያለውን ነገር ሊለውጥ አይችልም ለሚለው ክርክር ነው። የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በሰኔ 1991 ሲፈነዳ ወደ ስትራቶስፌር ከ15 ሚሊዮን ቶን በላይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቀቀ። ያ ጋዝ ወደ ሰልፌት ብናኝ ተለውጦ ምድርን በግማሽ ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ። በብናኙ ገጽ ላይ በተካሄደው ኬሚስትሪ ምክንያት በቀጣዮቹ ዓመታት ኦዞንም ቀነሰ። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የአውስትራሊያ ሰደድ እሳት ጭስ ስትራቶስፌር ሲደርስም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የጭሱ ብናኝ በኦርጋኒክ ቁስ የተሸፈነ ስለነበር ሃይድሮጅን ክሎራይድን ለወትሮው በማይሟሟበት ሙቀት ላይ አሟሟው። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ቀጠና ኦዞኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዲቀንስ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ተሰልቷል።

ወደ ታችኛው አየር እንውረድ። የበረሃ አቧራ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ቅንጣት አለ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ደረቅ ድንጋይ ነው። ይህ ቅንጣት በከተማ ወይም በኢንዱስትሪ አካባቢ ሲያልፍ በአየሩ ውስጥ ያለ ናይትሪክ አሲድ ያገኘዋል። አሲዱ ከላዩ ይጀምርና ካርቦኔቱን ወደ ካልሲየም ናይትሬት ይለውጠዋል። ካልሲየም ናይትሬት ውሃ በጣም ይወዳል። ደረቅ በሚባል አየር ውስጥ እንኳ ውሃ ይስባል። ያው ቅንጣት በማይክሮስኮፑ ሥር እንደገና ሲታይ ማዕዘኑ ጠፍቶ ድቡልቡል ጠብታ ሆኗል። ጉዞውን ሲጀምር ድንጋይ ነበር።

ጥቀርሻም እንደዚያው ነው። ከጭስ ማውጫ እንደወጣ ቅባታም ነው። ውሃ አይቀርበውም። ቀን እየገፋ ሲሄድ ሰልፈሪክ አሲድና ኦርጋኒክ ተን ላዩ ላይ ይለጠፋሉ። ሽፋኑ ሲወፍር ውሃ መሳብ ይጀምራል፣ የደመና ዘር ይሆናል፣ በዝናብም ታጥቦ ይወርዳል። ሳይሸፈን ቢቀር አየር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይንሳፈፋል። ሽፋኑ ብርሃንንም ወደ ውስጥ ይሰበስብለታል፤ የሚውጠው ሙቀት ይጨምራል። ይህ ሁሉ የተመዘገበው በአውሮፕላን፣ በመርከብና በተራራ ጣቢያ ላይ በተወሰዱ ናሙናዎች ጭምር ነው።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ከድጡ ወደ ማጡ ገብተዋል። እስከዚህ ድረስ ብናኝ ምንም አያመጣም ሲሉ ቆይተው፣ እዚህ ሲደርሱ ብናኝ ምድርን እያቀዘቀዘልን ነበር፣ ለምን አጸዳነው ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ብናኝ በድምሩ ያቀዘቅዛል የሚለው ግን እውነት ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1750 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የብናኞች ተጽዕኖ በካሬ ሜትር 1.1 ዋት ገደማ ማቀዝቀዝ ነው፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ የሚመጣው በደመና በኩል ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን 2.16 ዋት ማሞቅ ነው። ይህ ማለት ከሙቀቱ የተወሰነው ተሸፍኖብናል።

ግን ሽፋኑ ምን ዓይነት ሽፋን ነው? ታችኛው አየር ላይ ያለ ብናኝ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ይከማቻል፤ ከተለቀቀው ጉልህ ክፍል ለመቶ ዓመታትና ከዚያ በላይ አየር ላይ ይቆያል። በብናኝ ለመሸፈን መሞከር ማለት በየሳምንቱ ጭሱን እየሞሉ፣ ሥሩ ያለው ሙቀት ግን ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሄድ ነው። ሰውም የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥና የውጭ የአየር ብክለት በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው ይቀጥፋል ይላል። ይህን ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

የመርከቦቹን ምሳሌ ጸሐፊው ራሳቸው ያነሱታል። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ በመርከብ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደውን ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ከዚያ በኋላ በደመናው ላይ የሚታዩት መስመሮች በጣም ቀንሰዋል። እሳቸው ይህን የሚያመጡት ጽዳቱ ምድርን አሞቀ ለማለት ነው። በተወሰነ ደረጃ አሙቆ ይሆናል፤ ምን ያህል እንደሆነ አሁንም ክርክር አለበት። ግን ልብ በሉ፣ የተቀየረው የነዳጁ ሰልፈር ነው። መርከቦቹ ሥራ አላቆሙም፤ ጭስ ማውጫቸውም አልተዘጋም። ደመናው የተለወጠው በአመዛኙ ከጭሱ ውስጥ አንድ ኬሚካል ስለቀነሰ ነው። ኬሚስትሪ ዋጋ የለውም ለሚል ሰው፣ ከዚህ የባሰ ምሳሌ መምረጥ ይከብዳል።

ስድስተኛው ቶሎ ያልቃል። ያ የ1.1 ዋት ግምት ከ0.4 እስከ 1.7 ይዘረጋል። ሰፊ ነው፣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቀዝቀዝ ነው፤ ዜሮ ውስጡ የለም። ስፋቱም ከሰማይ አልወረደም። ከኢንዱስትሪ በፊት አየሩ ምን ያህልና ምን ዓይነት ብናኝ እንደነበረው የለካ ሰው የለም። የዛሬው ብናኝም ገጹ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ሳተላይት ብናኙ ስንት እንደሆነና ብርሃን እንዴት እንደሚበትን ያያል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ሞለኪውል ግን አያይም። እሱን ለማወቅ አየር ላይ ወጥቶ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ደግሞም እርግጠኛ አለመሆን ለእሳቸው ወገን ብቻ አይሠራም። እውነተኛው ቁጥር ወደ 1.7 የቀረበ ከሆነ፣ እስካሁን የተሸፈነብን ሙቀት ካሰብነው ይበልጣል ማለት ነው።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲጨርሱ ሁለተኛ ክፍል እንደሚያስከትሉ ነግረውናል። እንግዲያው ሲጽፉ አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ሁለት የፌልድስፓር ቅንጣቶች አሉ፤ ግዝፈታቸው እኩል ነው፣ ክብደታቸውም እኩል ነው። አንዱን አሲድ ነክቶታል፣ ሌላውን አልነካውም። ያልተነካው ጠብታውን በረዶ ያደርገዋል፤ የተነካው በዚያው ሙቀት ላይ ያቅተዋል። ገጽ ምንም ካልሆነ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ?